ጠማማው የሊናውን መግቢያ

አርሴንያ ላቢሶሬስ የሊናውን ሊቀመንበር ሆና በሠራችባቸው ሰባት ዓመታት አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» ብላ አታውቅም። ይኼን የምለው ለማማት አይደለም፤ እሷው ራሷ በስብሰባ ላይ ስለምትፎክርበት ነው። ሊናውን ትንሽ ደሴት ናት። ጠዋት አንዱ ጫፍ ላይ ያወራችሁት ነገር ለምሳ ሌላው ጫፍ ላይ ተጨማምሮበት ይጠብቃችኋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሹም ሆኖ ጥፋትን ማመን ዕድሜ ልክ መሳቂያ መሆን ነውና አርሴንያ ስታጠፋ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታልፈው ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የሁሉም ጭንቀት ውሃ ነበር። ከትልቁ አውሎ ነፋስ ወዲህ ባሕሩ ጉድጓዶቹ ውስጥ ገብቶ ውሃው ሁሉ ጨው ሆኗል። የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ከዋናው ምድር በጀልባ ይመጣል፤ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ አይመጣም። ባለፈው ክረምት አስራ አንድ ቀን ሙሉ የዝናብ ውሃ በድስት እየተጠራቀመ ተጠጥቷል፤ ሁለት ሕፃናትም በተቅማጥ ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። መንግሥት በስንት ምልጃ የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ሊልክ ተስማማ። መኪናው ግን ሃያ ቶን ነው፤ ሊናውን ደግሞ ወደብ የላትም። ታዲያ ምን ይዞት ይምጣ?

«ሱባንግ» ይዛው ትምጣ ተባለ። ሱባንግ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ የፊቷ መዝጊያ እንደ ድልድይ የሚዘረጋ፣ ወደብ ሳትጠይቅ አሸዋ ላይ ወጥታ ጭነቷን የምታራግፍ የባሕር ኃይል መርከብ ናት። ዋናው ነገር ግን ከውጭ አገር ተገዝታ አለመምጣቷ ነው። እዚሁ በእኛው ሰዎች እጅ፣ በዋናው ምድር የመርከብ መሥሪያ ግቢ ውስጥ ነው ብረቷ ተቆርጦ የተበየደው። ከበየዱት ሰዎች አንዷ ደግሞ የአርሴንያ ብቸኛ ልጅ ዶሪቤል ነበረች። መርከቧ በመጀመሪያ ዓመቷ አንዳች እንከን ቢገኝባት የሚጠግኑ ሠራተኞች አብረዋት ይጓዛሉና ዶሪቤልም ተሳፍራለች። እናትና ልጅ ከተያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

አርሴንያ ይኼን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ደሴቱ ላይ ያሉ አሽሟጣጮች መርከቧን ገና ሳያዩዋት «ድስቷ» ይሏት ነበር። «የአገር ልጅ የበየደው ድስት እንኳ ያፈሳል፤ መርከብማ!» እያሉ ዓሣ ማድረቂያው ሥር ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። «ቆይ ብቻ!» አለች አርሴንያ በልቧ። ልጇ የሠራቻት መርከብ ሊናውን ስትገባ ንግሥት የምትገባ እንዲመስል ቆርጣ ተነሳች።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሊናውንን የኮራል ድንጋይ ዙሪያዋን ከቧታል፤ በኮራሉ መሃል የሚያስገባው ጥልቅ መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ጥልቀቱ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ፣ ኖንግ ኢስኮ የሚባሉ ሽማግሌ ሃያ ስድስት የቀርከሃ ምሰሶዎች ተክለው ነበር። ትንንሾቹ ጀልባዎች በየትም ስለሚያልፉ ምሰሶዎቹን ከወር ወር ከምትመጣው የእህል ጀልባ በቀር የሚያያቸው የለም። አረንጓዴ ዝቃጭ ለብሰዋል፣ ወፍ ኩሶባቸዋል፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ዘሟል። አርሴንያ በእንግዳ ዓይን ስታያቸው ኀፍረት ፊቷን አቃጠላት። የባሕር ኃይሉ ካሜራ ይዞ ነው የሚመጣው!

ኖንግ ኢስኮ ዓይናቸውን ሊታከሙ ዋናው ምድር ሄደው አራት ቀን ቆዩ። በአራቱ ቀን ውስጥ አርሴንያ ሕዝቡን አስወጥታ ምሰሶዎቹን አስነቀለች። ደህና ደህናዎቹን አሳጥባ፣ ቀይና ሰማያዊ ባንዲራ አስራ፣ ከባሕሩ እስከ ዳርቻው በሁለት ረድፍ ቀጥ አድርጋ አስተከለች። ኮራሉ ላይ አንድ ምሰሶ ለመትከል ግማሽ ቀን በብረት ዘንግ መቦርቦር ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቀላል የሆነውን፣ ከመግቢያው ጎን ውሃው ሥር የተኛውን ለስላሳ የአሸዋ ቁልል መረጠች። የተረፉትን ቀርከሃዎች ለእንግዶቹ የሚጠበሰው አሳማ ማገዶ አደረገቻቸው።

ኖንግ ኢስኮ ሰኞ ማታ ተመልሰው ባሕሩን ሲያዩ ክው አሉ።

«አንቺ! ቀርከሃዎቼ የት ሄዱ?»

«እንኳን ደህና መጡ ኖንግ ኢስኮ። ዓይንዎ እንዴት ሆነ?»

«ዓይኔማ ባይድን ይሻለኝ ነበር፣ ይኼን ጉድ ባላየሁ! ቀርከሃዎቼ የት ሄዱ ነው የምልሽ?»

«እንግዳ በዚያ በተጣመመ፣ ኩስ በለበሰ እንጨት መሃል ይግባ? ቀጥ ያለ መንገድ አበጅቻለሁ። ባንዲራም አለው።»

«አሸዋው ቁልል ላይ?»

«ባሕሩ ሲሞላ አሸዋው የት ይታያል?»

«በዚያ ላይ የሚያልፈው ዳክዬ ነው!»

«የመርከቧም ሆድ የዳክዬ ነው። ዶሪቤል ጽፋልኛለች፤ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ትገባለች።»

«የጻፈችልሽ ስለ ፊቷ ይሆናላ! የትኛውም መርከብ ከፊቱ ይልቅ ኋላው ይጠልቃል፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነው።»

«እርስዎ የሚያውቁት የእንጨት ጀልባ ነው ኖንግ ኢስኮ፤ ይኼ ብረት ነው» አለች አርሴንያ ሰው ፊት፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጧት። «እንግዲያውስ ከብረትሽ ጋር ተወጪው» አሉና ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ማክሰኞ ጠዋት ደሴቱ በሙሉ ዳርቻው ላይ ወጣ። ሴቱ የእሑድ ቀሚሱን፣ ወንዱ የሠርግ ሸሚዙን ለብሷል። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ከበሮውን አንጠልጥሎ ተሰልፏል። አሳማው እሳቱ ላይ እየተገላበጠ ቆዳው ወርቅ መስሏል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሱባንግ ብቅ አለች፤ ግራጫ፣ ሰፊ፣ ፊቷ ደልደል ያለ። ከፊት ጫፏ ላይ ቢጫ ቆብ ያደረገች ሴት ቆማለች። አርሴንያ ልጇን ከዚያ ሩቅ ለየቻት።

መርከቧ እንደ ደንቡ ወደ ኋላ መልህቋን ጥላ፣ ሰንሰለቷን እያረዘመች፣ በባንዲራዎቹ መሃል ቀጥ ብላ ገባች። ባንዱ መምታት ጀመረ። ፊቷ የአሸዋውን ቁልል አለፈ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወገቧ ቁልሉ ላይ ሲደርስ እርር የሚል ድምፅ ተሰማና ቆመች። ቀጥ አለች። ከበሮውም አንድ ሁለቴ ብቻውን ደለቀና ቆመ።

«ድስቷ ሥሯ ያዘ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። «እኔ ምን ብዬ ነበር? የአገር ልጅ ሥራ!» «ከውጭ ቢያስመጡ ምናለ!»

አርሴንያ ወገብ ላይ የታሰረው ሬዲዮ ጮኸ።

«ሊቀመንበር፣ ሌተናንት ባካልሶ ነኝ፣ የመርከቧ አዛዥ። አሸዋ ላይ ወጥተናል። ባሕሩ ገና እየሞላ ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በመልህቃችን ራሳችንን ስበን እንወጣለን። አራት ሰዓት ላይ ውሃው መጉደል ሲጀምር ግን እዚህ መገኘት የለብኝም። ትእዛዜ እንደዚያ ነው። ወደሚቀጥለው ደሴት እቀጥላለሁ።»

«መኪናውስ? መቼ ትመለሳላችሁ?»

«ከክረምቱ ማዕበል በኋላ። አምስት ወር ግድም። አዝናለሁ እናቴ።»

አምስት ወር! ክረምቱን ሙሉ! አርሴንያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ማንም እሷን አያይም፤ ሁሉም የሚያየው መርከቧን ነው። የሚስቁትም በመርከቧ ነው። እሷ ዝም ብትል ነገሩ በዚያው ያልፋል፤ ድስቷ አልገባ አለች ተብሎ ይቀራል። ቢጫዋ ቆብ ግን መርከቧ ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማ ነበር። ልጅቷ የራሷ ሥራ የከዳት መስሏታል።

አርሴንያ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። የአምሳ ስምንት ዓመት ወፍራም ሴት የክብር ቀሚሷን ሰብስባ በሊናውን መሃል ስትሮጥ ከዚያ በፊት ማንም አላየም። ኖንግ ኢስኮ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ቀናም አላሉ።

«ኖንግ ኢስኮ፣ መርከቧ…»

«ሰማሁ። ከበሮው ሲቆም ሰማሁ።»

«ይምጡልኝ። መንገዱን ያሳዩኝ።»

«እኔ የእንጨት ጀልባ ነው የማውቀው።»

አርሴንያ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ከኋላዋ ተከትሏት የመጣ ሰው ሞልቷል፤ ይሰማሉ። ይስሙ!

«ተሳስቻለሁ» አለች። ቃሉ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት። «እርስዎ ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት። መርከቧ ምንም የላትም። ልጄም ምንም የለባትም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ኖንግ ኢስኮ መርፌያቸውን አስቀመጡ። ደግመው ሊያስብሏት አስበው እንደነበር በኋላ ራሳቸው ሲያወሩ ሰምተናል፤ ፊቷን ሲያዩ ግን አልጨከኑም።

«የነቀልሽው ሁሉ ቦታው እጄ ላይ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ግን ምን እተክላለሁ? አንድ ቀርከሃ በዚህች ደሴት አይበቅልም፤ ያለውን አሳማ ጠበስሽበት። ቢኖርስ በግማሽ ሰዓት ኮራል ይቦረቦራል?»

«ሰው ያቁሙ» አለች አርሴንያ።

«ምን?»

«ምሰሶዎቹ በነበሩበት ሰው ይቁም። ሰው አለን፤ ያውም ለብሶ፣ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው!»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አይዋትና ሳቃቸው መጣ። «አይ አንቺ ሴትዮ!» አሉ፤ ከመቀመጫቸው ግን ተነሥተው ነበር። መርከብ የሚስተው አስራ አንደኛው ምሰሶ ጋ፣ ትልቁ መታጠፊያ ላይ መሆኑንም ነገሯት።

አርሴንያ ወደ ዳርቻው እየተመለሰች ሬዲዮዋን ከፈተች። «ሌተናንት፣ ባንዲራዎቹን እዚያ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ለውበት ብዬ። ጥፋቱ የመርከቧ አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም። እውነተኛው መግቢያ ሌላ ነው። አሁን ጠርዝ ጠርዙ ላይ ሰው አቆምልዎታለሁ፤ በሰዎቹ መሃል ይግቡ።»

«እናቴ፣ ይኼ መርከብ የእኔ ኃላፊነት ነው። አንዴ በባንዲራ አስገብተውኛል። አሁን ደግሞ በምን ልመንዎት?»

እንግዲህ ሰውየው ምን በድሏል? ልክ ነው። ያኔ ሌላ ድምፅ ሬዲዮው ውስጥ ገባ፤ አርሴንያ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማችው የልጇ ድምፅ።

«እማ፣ አንቺስ ትቆሚያለሽ?»

«እቆማለሁ። አስራ አንደኛው ላይ፣ ትልቁ መታጠፊያ።»

«ጌታዬ» ስትል ተሰማች ዶሪቤል ለአዛዧ። «እናቴ መዋኘት አትችልም። ደሴቱ በሙሉ ያውቃል፣ ሲስቁባት ነው ያደግኩት። እሷ የቆመችበት ቦታ ውሃው ከአንገቷ አያልፍም ማለት ነው። ከእሷ ወዲህ ያለውን ጥልቀት ደግሞ እኔ ከፊት ሆኜ በገመድ እለካለሁ።»

«አራት ሰዓት ሳይሞላ እጨርሳለሁ» አለ ሌተናንቱ። «ሰዎቹን ያቁሙ።»

አቤት ያን ዕለት የነበረው ግርግር! ኖንግ ኢስኮ ጀልባቸው ላይ ቆመው እየጮኹ ሰዉን አንድ በአንድ አወረዱት። «አንተ ረጅሙ፣ ወደ ውጭ! አንቺ አስተማሪዋ፣ እዚህ፣ እግርሽ ሥር ጎድጎድ ያለ አለ አይደል? እሱ ነው፣ እሱን ርገጪና አትላወሺ!» የሠርግ ሸሚዝ የለበሰ ከሠርግ ሸሚዙ ጋር፣ ከበሮ የያዘ ከበሮውን ራሱ ላይ አድርጎ ባሕሩ ውስጥ ገባ። «ድስቷ ሥሯ ያዘ» ያለው ሰውዬም ሰባተኛው ላይ ቆሟል፤ ኖንግ ኢስኮ ሆን ብለው ኮራሉ የሚወጋበትን ቦታ ነው የሰጡት።

አስራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው አመነቱ። «ውሃው ገና ይሞላል። ደረትሽ ላይ ነው አሁን። ሌላ ሰው ልቀይርሽ።»

«መርከብ የሚስተው እዚህ ነው ብለውኝ የለ?»

«እዚህ ነው።»

«እንግዲያው እዚህ እኔ ነኝ የምቆመው» ብላ ወረደች። ቀሚሷ ዙሪያዋን ተነፋ። እግሯ በኮራሉ ውስጥ የተቦረቦረውን ቀዳዳ አገኘና አውራ ጣቷን ሰካችበት። ፈርታለች። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ሱባንግ መልህቋን እየሳበች ከአሸዋው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራታ ወጣች። ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ በሰዎቹ መሃል ገባች። ዶሪቤል ከፊት ጫፏ ላይ ተንበርክካ ጫፉ ላይ እርሳስ ብረት የታሰረበትን መለኪያ ገመዷን እየጣለች ትጮኻለች፤ «ሁለት ሜትር ተኩል! ሁለት ተኩል! ሁለት!» አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መርከቧ በሰው ረድፍ መሃል ወዲህ ታጠፈች፣ ወዲያ ታጠፈች። ማንም አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር።

አስራ አንደኛው ላይ ስትደርስ ግራጫው ግድግዳ በአርሴንያ ላይ ከፍ ብሎ መጣ። እጇን ብትዘረጋ ትነካዋለች። ብየዳውን አየችው፤ ከላይ እስከ ታች የወረደ፣ እኩል እኩል የተደረደረ፣ እሷ መርፌ ይዛ እንኳ የማትሰፋው ዓይነት ስፌት። ከሥሩ የመጣው ሞገድ አገጯን አለፈና አፏን ሞላው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ብትል ትድናለች፤ ግን መሪውን የያዘው ሰው የሚያየው የእሷን ራስ ነው። አውራ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ጨመቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ትንፋሿን ያዘች። ሞገዱ ራሷ ላይ ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ዓይኗን ስትገልጥ መርከቧ መታጠፊያውን ጨርሳ ዳርቻው ጋ ደርሳለች።

መዝጊያው ተዘረጋ፤ አሸዋው ላይ አረፈ። ቢጫው መኪና ጭስ እየተፋ፣ ጎማው አሸዋውን እየበላ፣ ሊናውን ላይ ወጣ። ያኔ የተነሳውን ጩኸት አልነግራችሁም። ሰዉ ከባሕሩ እየወጣ እየሮጠ መኪናውን ይነካል፣ ይስማል፤ ከበሮው እየረጠበም ይደለቃል።

አርሴንያ ብቻ አልወጣችም።

«ነይ እንጂ! ገብታለች እኮ!» ብለው ጮኹባት።

«መውጫዋስ?» አለች። «በየት ትውጣ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እውነቷን ነው። ውሃው ሳይጎድል ያው መንገድ ነው የሚያስወጣት። አንድ በአንድ፣ እየተሳሳቁ፣ ሳህን የያዘውም ሳህኑን እንደያዘ፣ ወደየቦታቸው ተመለሱ።

ዶሪቤል ከመርከቧ ወርዳ ዳርቻው ላይ ዓይኗን ስታዞር እናቷን አጣቻት። የት እንዳለች የነገሯት ኖንግ ኢስኮ ናቸው። ሩዝና ጥብስ በሳህን ይዛ፣ ሳህኑን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ከነሥራ ልብሷ በውሃው ውስጥ መጣች።

«ልብስሽ!» አለች አርሴንያ። የሁለት ዓመት ናፍቆቷ መጀመሪያ ያወጣው ቃል ይኼ ሆነ።

«ተይኝ እማ። ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ።» ዶሪቤል አጠገቧ ቆመች፣ ትከሻዋን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች። ጥብሱን በእጇ ቆርሳ ለእናቷ አጎረሰቻት።

«ቀርከሃዎቹን ያስነቀልኩት ላንቺ ብዬ ነበር» አለች አርሴንያ እያላመጠች። «እንድታምሪ። እንድትኮሪ።»

«አውቃለሁ። በሬዲዮ የመርከቧ ሰው በሙሉ ሰምቷል። ምግብ አብሳዩ ሳይቀር።»

«አዋረድኩሽ።»

«አዛዡ ምን አለ መሰለሽ? ‹በሕይወቴ እንዲህ ያለ ምልክት ተከትዬ አላውቅም› አለ። ምን እንዳየ ታውቂያለሽ? ሌላ ምንም አላየም። አንቺን ብቻ ነው ያየው።» ዶሪቤል ይበልጥ ተጠጋቻት። «ሞገዱ ሲሸፍንሽ እኮ ገመዴ ከእጄ ወደቀ እማ። ልትሄጂብኝ መስሎኝ።»

«የት እሄዳለሁ?» አለች አርሴንያ።

ሁለቱም አለቀሱ፤ ዙሪያቸው ባሕር ስለሆነ ማንም አልታዘባቸውም። ቀሪውን እየተጎራረሱ በሉት። ዶሪቤል ስለ ሥራዋ፣ ስለ እጇ ጠባሳ፣ ሊያገባት ስለሚፈልግ አንድ መካኒክ ነገረቻት፤ አርሴንያም ስለ መካኒኩ አስራ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። መርከቧ ጥሩንባዋን ነፋች። ዶሪቤል እናቷን ግንባሯን ስማ፣ ባዶውን ሳህን አስይዛት፣ ውሃውን እየሰነጠቀች ተመለሰች።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሱባንግ ቀለል ብላ፣ ባዶ ሆዷን ይዛ፣ በሰዎቹ መሃል ወጣች። አርሴንያ ሳህኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልጇን አሳለፈቻት። ኖንግ ኢስኮ በጀልባቸው መጥተው እጃቸውን እስኪዘረጉላት ድረስ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።